ከፍኖተ ሐሊብ የሚመጣው የማይታይ ብርሃን

ክረምት አልፎ መስከረም ሲጠባ፥ ደመናውም ከሰማይ ላይ ሲገፈፍ፥ በገጠር የሚኖር ሰው ማታ ከደጁ ወጥቶ ቀና ቢል ከአድማስ እስከ አድማስ እንደ ነጭ ነጠላ የተዘረጋ ብርሃን ያያል። በግእዝ ፍኖተ ሐሊብ ይባላል፤ ትርጓሜውም የወተት መንገድ ማለት ነው። ይህ ብርሃን የደመና ወይም የጢስ ብርሃን አይደለም፤ ከርቀታቸው የተነሣ ዐይን ለይቶ ሊያያቸው የማይችል እጅግ ብዙ ከዋክብት በአንድነት የሚሰጡት ብርሃን ነው። ፀሓያችንም ከእነዚሁ ከዋክብት አንዲቱ ናት። ይህ ታላቅ የከዋክብት ማኅበር ጋላክሲ ይባላል፤ በውስጡም ከ100 ቢሊዮን የማያንሱ ከዋክብት እንዳሉ ይገመታል።

ከዚሁ ከፍኖተ ሐሊብ ግን ዐይናችን ከቶ የማያየው ሌላ ብርሃን ደግሞ ይመጣል። ስሙ ጋማ ጨረር ነው። ይህ ጨረር ከወዴት ይመጣል? የሚያስገኘውስ ምንድን ነው? ሊቃውንት ይህን ጥያቄ ለመመለስ ከመቶ ዓመት በላይ ደክመውበታል፤ ዛሬም ቢሆን ከጥያቄው ብዙው ተመልሶ ጥቂቱ እንደ ተዘጋ አለ።

ይህን ነገር በቤተ ሰብ መጽሔት ላይ ማውጣታችን ያለ ምክንያት አይደለም። ልጆቻችን ስለ ከዋክብት በትምህርት ቤት ይማራሉ፤ ማታም ወደ ቤት ሲመለሱ የተማሩትን ይዘው አባታቸውንና እናታቸውን ይጠይቃሉ። «ዝም በል፥ ይህ የእኛ ነገር አይደለም» ተብሎ የተመለሰ ልጅ፥ ሃይማኖትና ዕውቀት በአንድ ጣራ ሥር አብረው የማይኖሩ መስሎት ያድጋል። እንግዲህ ወላጅ የፊዚክስ ሊቅ መሆን ባይኖርበትም የነገሩን አካሄድ ቢያውቅ መልካም ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚነሡት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይገንዘብልን።

ከሁሉ አስቀድሞ ጋማ ጨረር ምን እንደ ሆነ እንመልከት። የፀሓይ ብርሃን፥ የጧፍ ብርሃን፥ ራዲዮን የሚያናግረው ሞገድ፥ በሐኪም ቤት አጥንትን የሚያሳየው ራጅ፥ ጋማ ጨረርም ጭምር፥ ሁሉም በባሕርያቸው አንድ ወገን ናቸው። የሚለያዩት በኀይላቸው መጠን ነው። የራዲዮ ሞገድ ከሁሉ የደከመ ሲሆን ጋማ ጨረር ከሁሉ የበረታ ነው። ይህ ኀይል ኤሌክትሮን ቮልት በሚባል መስፈሪያ ይሰፈራል። በዐይን የሚታይ አንድ የብርሃን ቅንጣት 2 ወይም 3 ኤሌክትሮን ቮልት ያህል ኀይል አለው፤ ከፍኖተ ሐሊብ የሚመጣ አንድ የጋማ ቅንጣት ግን 1 ቢሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት ሊኖረው ይችላል። እንግዲህ አንዲቱ ቅንጣት ብቻዋን የ400 ሚሊዮን የሚታዩ ቅንጣቶችን ኀይል ተሸክማ ትመጣለች ማለት ነው።

ከዚህም የተነሣ አንድ ነገር እንረዳለን። ብረት በቀጥቃጭ እሳት ሲግል መጀመሪያ ይቀላል፥ ቀጥሎ ቢጫ ይሆናል፥ ኋላም ይነጣል፤ ሙቀቱ በጨመረ ቍጥር የብርሃኑ ኀይል ይጨምራል። ፀሓይም የምታበራው በዚሁ ሥርዐት ነው፤ የገጽዋ ሙቀት 5,500 ዲግሪ ያህል ነው። ጋማ ጨረርን በመጋል ብቻ ለማግኘት ቢፈለግ ግን ሙቀቱ በብዙ ቢሊዮን ዲግሪ የሚቈጠር መሆን ነበረበት፤ በሰማይ ላይ ገጹ እንዲህ ግሎ የሚኖር ኮከብ የለም። ስለዚህ ጋማ ጨረር በታየበት ስፍራ ሁሉ ከመጋል የተለየ ሌላ ሥራ እየተሠራ መሆኑ ይታወቃል። ይኸውም ወይ ቅንጣቶች በታላቅ ፍጥነት ይጋጫሉ ወይም ይታጠፋሉ፥ ወይ የአቶም እምብርት ይለወጣል፥ ወይም ቁስና የቁስ ተቃራኒ ተገናኝተው ይጠፋፋሉ። ከዚህ በታች እንደምናየው በጋላክሲያችን ውስጥ ሁሉም ይገኛሉ።

ጨረሩን በመጀመሪያ ያገኘው ፖል ቪላር የተባለ ፈረንሳዊ ነው። በ1900 ዓ.ም. በፓሪስ ከራዲየም የሚወጣውን ጨረር ሲመረምር፥ ማግኔት የማያጣምመውና ወፍራም ነገር አልፎ የሚሄድ አንድ ጨረር አገኘ። አልፋና ቤታ የተባሉት ሁለት ጨረሮች አስቀድመው ስም ወጥቶላቸው ስለ ነበር፥ ኧርነስት ረዘርፎርድ በ1903 ዓ.ም. ይህን በሦስተኛው የግሪክ ፊደል ጋማ ብሎ ጠራው።

በዚያው ዘመን ግን አንድ የሚያስደንቅ ነገር ይታይ ነበር። ጨረር መኖሩን የሚያመለክቱት መሣሪያዎች ራዲየም ባልቀረበበት ስፍራ እንኳ ጥቂት ጨረር ማመልከታቸውን አይተዉም ነበር። ሰዎቹም ይህ ከምድር አፈርና ድንጋይ የሚወጣ ነው ብለው ያስቡ ነበር። በ1910 ዓ.ም. ቴዎዶር ቩልፍ የተባለ ጀርመናዊ የካቶሊክ ካህን፥ የፊዚክስ መምህርም የነበረ፥ መሣሪያውን ተሸክሞ በፓሪስ ወደሚገኘው ወደ ኤፍል ግንብ ጫፍ ወጣ። ጨረሩ ከምድር የሚወጣ ብቻ ቢሆን ኖሮ በ300 ሜትር ከፍታ ላይ ሊጠፋ በቀረበ ነበር፤ ቩልፍ ያገኘው መቀነስ ግን ከጠበቀው እጅግ ያነሰ ሆነ። ካህኑ ራሱ በሠራው መሣሪያ የጀመረውን ሥራ ሌላው ፈጸመው።

ያም ቪክቶር ሄስ የተባለ ኦስትሪያዊ ነው። ሄስ በአየር በሚንሳፈፍ ባሉን ብዙ ጊዜ ወጣ። በሚያዝያ ወር 1912 ዓ.ም. ፀሓይ ስትጋረድ ወጥቶ ጨረሩ አለመቀነሱን አየና፥ የጨረሩ ምንጭ ፀሓይ እንዳልሆነች ዐወቀ። በዚያው ዓመት በኦገስት 7 ቀን 5,350 ሜትር ከፍታ ደረሰ፤ ይህም ከራስ ዳሽን ተራራ ጫፍ በ800 ሜትር ያህል ይበልጣል። በዚያ ከፍታ ጨረሩ በምድር ላይ ካለው እጅግ በርትቶ አገኘው። እንግዲህ ጨረሩ ከላይ ወደ ታች የሚመጣ ነው። ስለዚህም ግኝት በ1936 ዓ.ም. የኖቤል ሽልማት ተሰጠው።

ሄስ ያገኘው ኮስሚክ ጨረር ይባላል። ጨረር ይባል እንጂ ኋላ ሲመረመር አብዛኛው ብርሃን ሳይሆን ፕሮቶን የተባለው የአቶም ቅንጣት ሆኖ ተገኘ፤ ወደ ብርሃን ፍጥነት በቀረበ ፍጥነት የሚበር ቅንጣት ነው። በደጋ የሚኖር ሰው በባሕር ዳርቻ ከሚኖረው ይልቅ ከዚህ ጥቂት የበለጠ ይደርሰዋል፤ መጠኑ ግን አነስተኛ ስለ ሆነ እናቶች ስለ ልጆቻቸው የሚሰጉበት ነገር አይደለም።

አሁን ወደ ነገሩ ሥር ደረስን። ፕሮቶን የኤሌክትሪክ ሙላት አለው፤ ጋላክሲው ደግሞ በሞላው ቀጭን የማግኔት ኀይል የተሞላ ነው። ማግኔት የኤሌክትሪክ ሙላት ያለውን ቅንጣት ያጣምመዋልና፥ ኮስሚክ ጨረር እኛ ዘንድ እስኪደርስ ድረስ ሚሊዮኖች ዓመታት እየተጠማዘዘ ሲዞር ይኖራል። ወደ ቤተ መቅደስ የገባ ሰው የዕጣኑን መዓዛ ከሁሉ ወገን ያሸታል እንጂ፥ ዐይኑን ከድኖ ጽናው ከወዴት እንዳለ በመዓዛው ብቻ ማወቅ አይችልም። የጧፉን ብርሃን ግን ቀና ብሎ ቢያይ ከየት እንደሚመጣ ወዲያውኑ ያውቃል። ኮስሚክ ጨረር እንደ መዓዛው፥ ጋማ ጨረርም እንደ ጧፉ ነው። ጋማ የኤሌክትሪክ ሙላት የለውምና ማግኔት አያጣምመውም፤ ከተወለደበት ስፍራ በቀጥታ ይመጣል። ስለዚህ የኮስሚክ ጨረርን ምንጭ ማወቅ የሚፈልግ ሁሉ ጋማ ጨረርን መከተል ግድ ሆነበት።

ይህን ሐሳብ በግልጽ ያቀረበው አሜሪካዊው ፊሊፕ ሞሪሰን ሲሆን ዘመኑም 1958 ዓ.ም. ነበር። መናገር ግን ከማየት ይቀላል። በምድር ላይ ያለው አየር ወደ ታች ተጨምቆ እንደ ውሃ ቢታሰብ 10 ሜትር ውፍረት አለው፤ ከሰማይ የሚመጣ ጋማ ይህን ሁሉ አልፎ ወደ እኛ አይደርስም። (ለሥጋችንም ጋሻ ሆኖልናል።) ስለዚህ መሣሪያውን ከአየሩ በላይ ማውጣት ያስፈልጋል። በ1961 ዓ.ም. ኤክስፕሎረር 11 የተባለ የአሜሪካ ሳተላይት ወጣና ከሰማይ የመጡ 22 የጋማ ቅንጣቶችን ለየ። ሃያ ሁለት ብቻ! ስንት ሺህ ብር፥ ስንት ሌሊት የፈሰሰበት ሥራ በእጅና በእግር ጣት ተቈጥሮ ሁለት ብቻ ይተርፋል። በ1967 ዓ.ም. የወጣው ኦኤስኦ 3 የተባለው ሳተላይት ግን 621 ቅንጣቶችን አገኘ፤ እነዚህም በሰማዩ ሁሉ እኩል የተበተኑ አልነበሩም። በፍኖተ ሐሊብ መሥመር ላይ ተሰብስበው፥ ከሁሉም ይልቅ ወደ ጋላክሲው መካከል በሚያመለክተው ወገን በዝተው ታዩ። ያ ወገን አባቶቻችን በዐውደ ከዋክብት ቀውስ የሚሉት ነው። ጋላክሲያችን በጋማ የሚያበራ መሆኑ በዚህ ጊዜ ታወቀ።

ቀጥሎ የመጣው ሥራ ከአገራችን ሩቅ ባልሆነ ስፍራ ተፈጸመ። በጎረቤታችን በኬንያ፥ ማሊንዲ ከተባለችው ከተማ ፊት ለፊት፥ ጣልያኖች ሳን ማርኮ የተባለ የሮኬት መወንጨፊያ በባሕር ላይ አቁመው ነበር። በኅዳር ወር 1972 ዓ.ም. ሳስ 2 የተባለው የአሜሪካ ሳተላይት ከዚያ ተነሣ። በምድር ወገብ አጠገብ የሚዞር ሳተላይት የምድር ማግኔት ከኮስሚክ ቅንጣቶች ብዛት ስለሚከልለው ሥራው ይጠራል፤ ስፍራውም የተመረጠው ስለዚህ ነው። ሳስ 2 ከመንፈቅ ጥቂት አልፎ በኤሌክትሪኩ መበላሸት ምክንያት በ1973 ዓ.ም. ዝም አለ፤ ነገር ግን የጋላክሲው የጋማ መልክ በእርሱ ተሣለ። በ1975 ዓ.ም. የአውሮፓውያን ኮስ ቢ ተከተለ፤ ለሁለት ዓመት ታስቦ ከስድስት ዓመት በላይ አገለገለ። ኮምፕተን የተባለው ታላቁ መሣሪያ ከ1991 እስከ 2000 ዓ.ም. ሠራ፤ ፌርሚም በ2008 ዓ.ም. ወጣ። ፌርሚ ሰማዩን ሁሉ በ3 ሰዓት አንድ ጊዜ ይቃኛል።

እንግዲህ በእነዚህ መሣሪያዎች ምን ታየ? ከጋላክሲው የሚመጣው የበረታው ጋማ ብዙው ክፍል ከአንድ ከዋክብት ወይም ከአንድ ነጥብ የሚወጣ አይደለም፤ በፍኖተ ሐሊብ መሥመር ሁሉ እንደ ጉም የተዘረጋ ነው። ምክንያቱም እንዲህ ነው። በከዋክብት መካከል ያለው ስፍራ ባዶ ሳይሆን ቀጭን የሃይድሮጅን አየር አለበት። ኮስሚክ ፕሮቶን የዚህን አየር አቶም ሲመታ ፓዮን የተባለ ቅንጣት ይወለዳል። ከፓዮኖች ወገን የኤሌክትሪክ ሙላት የሌለው ዕድሜው እጅግ አጭር ነው፤ አንዱን ሰከንድ ለቢሊዮን ከፍለን፥ ያንኑ እንደ ገና ለ10 ሚሊዮን ብንከፍል የእርሱን ዕድሜ ያህላል። ወዲያውም ሲጠፋ ሁለት የጋማ ቅንጣቶች ይሆናል። በቤተ ክርስቲያን መስኮት የገባ የፀሓይ ጨረር ትቢያ ካልተነሣበት መሥመሩ እንደማይታይ፥ ኮስሚክ ጨረርም ይህ አየር ባይኖር ኖሮ መንገዱ አይታወቅም ነበር።

ነገር ግን ኤሌክትሮኖችም ጋማ ያወጣሉ። ፈጣን ኤሌክትሮን በአቶም አጠገብ ሲያልፍ ሲታጠፍ፥ ወይም ደካማውን የከዋክብት ብርሃን ገፍቶ ሲያበረታው፥ የሚወጣው ጋማ ከፓዮን ከሚወጣው ጋር ይመሳሰላል። ስለዚህ «ይህ የፕሮቶን ሥራ ነው» ብሎ ለመመስከር አንድ ልዩ ምልክት ማግኘት ያስፈልግ ነበር። ምልክቱም አለ፤ ከፓዮን የሚወጣው ጋማ ከ200 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት በታች ሲወርድ በድንገት ይቀንሳል፤ የኤሌክትሮኑ ግን እንዲህ አይቀንስም። የፌርሚ ሰዎች ይህን ምልክት በሁለት የፈነዱ ከዋክብት ፍርስራሽ ላይ አገኙና በ2013 ዓ.ም. አስታወቁ። አንዱ ፍርስራሽ አይሲ 443 ይባላል፤ እኛ ገውዝ በምንለው የዐውደ ከዋክብት ክፍል የሚገኝ ነው፤ ሁለተኛውም ደብልዩ 44 ይባላል። ሄስ በባሉን ከወጣ 101 ዓመት ሆኖ ነበር። ትልቅ ኮከብ ነዳጁን ጨርሶ ሲፈነዳ የሚገፋው ማዕበል ፕሮቶኖችን ወዲያና ወዲህ እያላጋ ያፈጥናቸዋል የሚለው ሐሳብ፥ ለብዙ ዘመን በጽሕፈት ብቻ የኖረው፥ ያን ጊዜ የዐይን ምስክር አገኘ።

ሁለተኛዎቹ ምንጮች ፑልሳሮች ናቸው። ትልቅ ኮከብ ሲፈነዳ መካከሉ ወደ ውስጥ ተደርምሶ፥ ስፋቱ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ሆኖ፥ ክብደቱ ግን ከፀሓይ የሚበልጥ አንድ ድብልብል ይቀራል። ይህም በብርቱ ማግኔት ተከቦ በፍጥነት ይሽከረከራል፤ በዞረም ቍጥር ብርሃኑ በእኛ ላይ ያልፋል። በሠውር ክፍል የሚገኘው የሸርጣን ኔቡላ ፑልሳር በሰከንድ 30 ጊዜ ይዞራል። ያ ኮከብ ሲፈነዳ በ1054 ዓ.ም. የቻይና ሰዎች በቀን ብርሃን ሳይቀር አይተው ጽፈውታል። ያ ዓመት የሮምና የቍስጥንጥንያ አብያተ ክርስቲያናት የተወጋገዙበት ዓመት ነው፤ በአውሮፓ የነበሩት ጸሓፍት ግን በክርክራቸው ተጠምደው ይሁን ወይም ደመና ከልክሏቸው፥ ስለዚያ ኮከብ ያስቀሩልን ግልጽ ጽሑፍ የለም ማለት ይቻላል።

ከፑልሳሮች ሁሉ የሚያስደስተኝ ግን የጌሚንጋ ታሪክ ነው። ሳስ 2 በገውዝ ክፍል አንድ ብርቱ የጋማ ምንጭ አገኘ፤ በዚያ ስፍራ ግን በራዲዮም ሆነ በሌላ መሣሪያ ሲፈለግ ምንም አልተገኘም። ጆቫኒ ቢኛሚ የተባለ የጣልያን ሊቅ በሚላኖ ሰዎች አነጋገር «እዚያ የለም» የሚል ትርጓሜ ያለውን ጌሚንጋ የሚለውን ስም አወጣለት። ሃያ ዓመት ያህል «የለም» ሲባል ኖረ። በ1992 ዓ.ም. በኤክስ ሬይ በሰከንድ ከአራት ጊዜ ጥቂት አብልጦ የሚዞር ፑልሳር መሆኑ ታወቀ፤ የራዲዮ ድምፁ ደካማ ስለ ሆነ ነው ተሰውሮ የኖረው። በ2023 ዓ.ም. በወጣው የፌርሚ ዝርዝር በጋማ የሚያበሩት ፑልሳሮች ቍጥር ወደ 300 ደርሷል።

ሦስተኛው ምንጭ ከግጭት ሳይሆን ከአቶም መለወጥ የሚወለድ ነው። ከምጣድና ከድስት ለይተን የማናየው አሉሚኒየም፥ አሉሚኒየም 26 የሚባል የማይጸና ወንድም አለው። ይህ በትልልቅ ከዋክብት ውስጥ ይሠራና በነፋሳቸውና በፍንዳታቸው ወደ ሰማይ ይበተናል፤ ኋላም ወደ ማግኒዥየም ሲለወጥ መጠኑ የታወቀ አንድ ጋማ ያወጣል። ሂዮ 3 የተባለው ሳተላይት ይህን ጋማ ከጋላክሲው መካከል ሲመጣ ያየው በ1979 እና በ1980 ዓ.ም. ነው። ከተሰበሰበው ሁሉ ግማሹ ለመለወጥ 717,000 ዓመት ያህል ይፈጅበታል። ይህም ለጋላክሲው ዕድሜ አጭር ስለ ሆነ፥ ዛሬ የምናየው አሉሚኒየም ዛሬም እየተሠራ ያለ ነው ማለት ነው። ኢንተግራል የተባለው የአውሮፓ ሳተላይት በሰጠው ልክ፥ በ2006 ዓ.ም. በጋላክሲው ሁሉ ያለው አሉሚኒየም 26 የሦስት ፀሓይ ክብደት ያህል እንደ ሆነ ተሰላ፤ ይህን ለማስገኘትም በመቶ ዓመት ሁለት ያህል ትልልቅ ከዋክብት መፈንዳት አለባቸው።

እዚህ ላይ ሳልናገር የማላልፈው ነገር አለ። በቤተ ክርስቲያናችን አቈጣጠር ከአዳም እስከ ጌታ ልደት 5,500 ዘመን ነው፤ በየዓመቱም ባሕረ ሐሳብ ስናወጣ ከዚህ እንነሣለን። ልጅ ይህን ከየኔታ ተምሮ፥ ከትምህርት ቤት መምህሩ ደግሞ ብርሃን ከጋላክሲው መካከል እኛ ዘንድ ለመድረስ 26,000 ዓመት ያህል ይፈጅበታል ሲባል ቢሰማ፥ ሁለቱን ቍጥሮች ማስተያየቱ አይቀርም። አንዳንድ ወላጆች የመምህሩ ቍጥር ሐሰት ነው ይላሉ፤ አንዳንድ ወጣቶችም የየኔታ ቍጥር ተረት ነው ይላሉ። ሁለቱም የቸኰሉ ይመስለኛል። 5,500 ዘመን ለአዳም የተሰጠው ተስፋ እስኪፈጸም ያለው ዘመን ነው፤ የሰውን ውድቀትና ድኅነት ይቈጥራል። 717,000 ዓመትም የአንድ ብረት መለወጥ በሥራ ቤት ተለክቶ የተገኘ ቍጥር ነው፤ ክርስቲያን ቢለካው አይጨምርም፥ ያላመነ ቢለካው አይቀንስም። እንደዚሁም ብርሃን በመጀመሪያው ቀን፥ ፀሓይና ከዋክብት በአራተኛው ቀን እንደ ተፈጠሩ የምንማረውን ይዞ «ጋማ ጨረር አስቀድሞ ተነግሮ ነበር» የሚል ሰባኪ ቢነሣ እኔ አልከተለውም። ሊቃውንቱ ነገ ሐሳባቸውን ቢያሻሽሉ ያ ሰው ምን ሊል ነው? የምሥጢሩን ትርጓሜ ለመምህራን እተዋለሁ። ወላጅ ግን ቍጥሩን ከልጁ ባይሸሽግ፥ ልጁም ቍጥሩን ሽቶ ከቤቱ ውጭ ባይሄድ ይሻላል።

ወደ ታሪኩ እንመለስ። አራተኛው ምንጭ እስከ አሁን እንቈቅልሽ ነው። ኤሌክትሮን ፖዚትሮን የሚባል ተቃራኒ አለው፤ ከሄስ ጋር በ1936 ዓ.ም. የተሸለመው ካርል አንደርሰን በ1932 ያገኘው ነው። ሁለቱ ሲገናኙ ይጠፋፉና 511,000 ኤሌክትሮን ቮልት ኀይል ያለው ጋማ ይሆናሉ። ይህ ጋማ ከጋላክሲው መካከል እየመጣ መሆኑ በባሉን በተነሡ መሣሪያዎች ከ1970ዎቹ ጀምሮ ይታወቃል። መጠኑም ሲሰላ በየሰከንዱ ከ10 ቢሊዮን ቶን በላይ ቁስና ተቃራኒው በዚያ ይጠፋፋሉ። ይህን ያህል ፖዚትሮን ማን ይሠራዋል? አሉሚኒየም 26 ራሱ ሲለወጥ ፖዚትሮን ይሰጣል፤ ሌሎችም የፈነዱ ከዋክብት ውላጆች እንዲሁ ይሰጣሉ። ነገር ግን አሉሚኒየሙ በጋላክሲው ጠፍጣፋ ክፍል ሁሉ ሲበተን፥ የፖዚትሮኑ ጋማ በመካከሉ ይበዛል። ምንጩና ብርሃኑ ስፍራቸው አልገጠመም። ኢንተግራል ከ2002 እስከ 2025 ዓ.ም. ሲመለከት ኖሮ ሥራውን ሲፈጽም እንኳ ይህ እንቈቅልሽ አልተፈታም።

በጋላክሲው መካከል ከፀሓይ አራት ሚሊዮን ጊዜ የሚከብድ ጥቁር ጕድጓድ አለ፤ ይህን ያረጋገጡት ራይንሃርድ ጌንዝልና አንድሪያ ጌዝ በ2020 ዓ.ም. ከኖቤል ሽልማት ተካፍለዋል። በ2010 ዓ.ም. ደግሞ የፌርሚን መዝገብ የመረመሩ ሦስት ሰዎች ከዚያ ስፍራ ወደ ላይና ወደ ታች እንደ ሁለት ታላላቅ አረፋ የተነፉ የጋማ ብርሃናትን አገኙ፤ የእያንዳንዱ ቁመት 25,000 የብርሃን ዓመት ያህል ነው። ጥቁሩ ጕድጓድ በቀድሞ ዘመን ብዙ ቁስ ውጦ የተፋው ነው የሚሉ አሉ፤ ብዙ ከዋክብት በአንድ ጊዜ ተወልደው የፈነዱበት ነው የሚሉም አሉ።

ከሁሉ የበረታው ጋማ ደግሞ በሌላ ዘዴ ከምድር ላይ ይታያል። እንዲህ ያለ ቅንጣት አየሩን ሲመታ የቅንጣቶች ዝናም ይሆናል፤ ዝናሙም ለሰከንድ ቢሊዮንኛ ክፍሎች ብቻ የሚቈይ ሰማያዊ ብልጭታ ይሰጣል። በአፍሪካችን በናሚቢያ ደጋ ላይ፥ 1,800 ሜትር ከፍታ ባለው ስፍራ፥ ይህን ብልጭታ የሚጠብቁ ታላላቅ መስተዋቶች አሉ፤ ስማቸውም የሄስ መታሰቢያ ነው። በ2016 ዓ.ም. እነዚህ መስተዋቶች፥ በጋላክሲው መካከል ፕሮቶኖችን እስከ 1,000 ትሪሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት የሚያፈጥን አንድ ኀይል እንዳለ የሚያሳይ ምልክት አገኙ። በ2021 ዓ.ም. በቻይና በ4,410 ሜትር ከፍታ ላይ የተሠራው ላሶ የተባለው መሣሪያ ከ100 ትሪሊዮን በላይ የሚያበሩ 12 ምንጮችን ገለጸ። ከነዚህ አንዲቱ ቅንጣት 1,400 ትሪሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት ነበራት። ይህችም የመጣችው ሲግነስ ከሚባለው ስፍራ፥ ብዙ ታላላቅና ወጣት ከዋክብት ከሚወለዱበት ነው። ስለዚህ የፈነዱት ከዋክብት ብቻቸውን ሥራውን ሁሉ ይሠራሉ የሚለው አሳብ ዛሬ እንደ ቀድሞው የጸና አይደለም።

የመጨረሻው ጥያቄ ከሁሉ የከበደ ነው። በ2009 ዓ.ም. ሁለት ሰዎች የፌርሚን መዝገብ ሲመረምሩ፥ ከላይ የተነገሩት ምንጮች ሁሉ ተቈጥረው ከተቀነሱ በኋላም በጋላክሲው መካከል የሚተርፍ ጋማ መኖሩን አስታወቁ። በጋላክሲዎች ውስጥ ክብደቱ የሚታወቅ፥ ራሱ ግን የማይታይ ቁስ አለ፤ ምን እንደ ሆነ እስከ ዛሬ ማንም አላወቀም። ትራፊው ጋማ የዚህ የማይታይ ቁስ ቅንጣቶች ሲጠፋፉ የሚሰጡት ነው ቢባል፥ የዘመናችን ታላቁ ግኝት በሆነ ነበር። ሌሎች ግን በሰከንድ መቶ ጊዜና ከዚያም በላይ የሚዞሩ፥ በዕድሜ የገፉ ብዙ ሺህ ፑልሳሮች ተሰብስበው የሚሰጡት ብርሃን ነው ይላሉ። ከዐሥራ አምስት ዓመት በላይ የብርሃኑን ቅርጽ እየለኩ ሁለቱ ወገኖች ተከራክረዋል፤ የጸና ማስረጃ ሳይገኝ «አገኘነው» ብሎ ዐዋጅ ያወጀ አለመኖሩ ግን ያስመሰግናቸዋል።

ክርክሩ የሚፈረድበት መንገድ ይታወቃል። ፑልሳር የራዲዮ ሞገድም ያወጣል። በደቡብ አፍሪካና በአውስትራሊያ በመሠራት ላይ ያለው ታላቁ የራዲዮ መሣሪያ፥ ስኩዌር ኪሎሜትር አሬይ የተባለው፥ ሥራውን ሲጀምር ወደ ቀውስ ወገን አተኵሮ ከእነዚህ ፑልሳሮች ደመቅ ያሉትን መለየት እንደሚችል ይታሰባል። ፑልሳሮቹ በዚያ ካሉ አንድ በአንድ ይቈጠራሉ። ታይተው ከታጡ ግን ያ ትራፊ ብርሃን ከወዴት መጣ የሚለው ጥያቄ ሄስ ከባሉኑ በወረደ ጊዜ እንደ ነበረው ይሆናል።